አባቴን እንግዳ ያደረግሁበት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ከስሙ በፊት የሚጠየቀው «ስንት ናችሁ?» ተብሎ ነው። ደላላው በስልክ ይጠይቃል፤ በር የምትከፍተው ሠራተኛ ትጠይቃለች፤ ባለቤቱ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ይጠይቃል። ላይ ላዩን ሲያዩት ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን እንደ ተማሪ ፈተና እፈራው ነበር። እውነተኛው መልስ ሁለት ነው፤ ቤት የሚያስገኘው መልስ ግን አንድ ነበር።

ሁለቱ እኔና አባቴ ነን። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብረን ነው የኖርነው። እኔ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል አገላብጣለሁ፤ እሱ ቤት ይጠብቃል። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ጡረታ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ልቡ ታመመ። ሐኪሙ «ልብዎ ከመጠኑ በላይ ሰፍቷል» ሲለው አባቴ «ሰዉ ልበ ሰፊ ነህ ሲለኝ ለካ ምርመራ ኖሯል» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። እኔ አልሳቅሁም። ደረጃ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በየወሩ የማይቀር ቀጠሮ ተሰጠው። ስለዚህ አገር ቤት እህቱ ጋ እንዳልልከው ሆስፒታሉ እዚህ ነው፤ ፎቅ ላይ እንዳልከራይ ልቡ አይችልም። ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለታችንን የሚያስገባ ምድር ቤት ማግኘት።

ከገርጂ እንድንወጣ የነገረን ባለቤቱ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ኖረንበታል። ልጁን ሊድር ሆነና ሙሽሮቹ የሚገቡበት ቤት አስፈለገው። ሁለት ወር ጊዜ ሰጠን፤ ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ደግ ሰው ስለሆነ ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም። ደግነቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሰው ቢያንስ የሚቆጣው ሰው ያስፈልገዋል።

ደላላዬን ያገኘሁት እዚያው ገርጂ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ «የሚከራይ የሚሸጥ ቤት አለ» የሚል ቆርቆሮ ሥር ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ ሁለት ስልክ የያዘና ምንም ነገር በወረቀት የማይጽፍ ሰው ነበር። የሰፈሩን ቤት ሁሉ በጭንቅላቱ ነው የያዘው፤ የውሃ ፈረቃውን፣ የባለቤቱን ጠባይ፣ የውሻውን ንክሻ ሳይቀር። አጠገቡ አስቀመጠኝና ምርመራውን ጀመረ።

«ባል?»

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

«ጎበዝ» አለ።

ዘመድ አዝማድ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያዝንልኝ የኖረውን ነገር ደላላው በአንድ ቃል አጸደቀልኝ። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ ብዬ ሳልወስን ቀጠለ።

«ታዲያ ማን አለ?»

«አባቴ።»

ጆሮውን አከከ። «ዕድሜያቸው?»

«ሰባ አራት።»

«ጤናቸውስ?»

«ልቡን ትንሽ ያመዋል።»

«እንፈልጋለን» አለ፤ አነጋገሩ ግን «ጎበዝ» እንዳለኝ ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያ የወሰደኝ ለሚ ኩራ፣ አዲስ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ጋ ነው። መንገዱ ገና ስላላለቀ ከታክሲ ወርደን ብዙ በጠጠር ላይ ተጓዝን። በስልክ «ግራውንድ ነው» ብሎኝ ነበር። ብሎኩ ሥር ስንደርስ ደረጃውን ይዞ ይወጣ ጀመር። ተከተልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፎቅ አለፍን። አራተኛው ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ።

«ግራውንድ አላልከኝም?»

«የኔ እህት፣ ከላይ ሲቆጠር እኮ የመጀመሪያው ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ አንዳች የሀፍረት ምልክት የለም።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጮህኩበት። እኔ ስቆጣ ድምፄ ብቻ ሳይሆን እጄም ይናገራል። ጎረቤቶች በር ከፍተው አዩን። ደላላው እስክጨርስ ጠብቆ «መስኮቱን እንኳ እዪው፤ እይታው ጥሩ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ሰውየውን መውደድ የጀመርኩት፤ ምክንያቱን ግን እስካሁን አላውቀውም።

ሁለተኛው ቤት ቦሌ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ ያለ ሰርቪስ። ሁለት ክፍል፣ የራሱ ቆጣሪ፣ አንድም ደረጃ የሌለው። የምፈልገው ቤት ማለት ያ ነው። ተደስቼ አባቴን ይዤው ሄድኩ። ሰው ቤት ሲከራይ ቤተሰቡን ማሳየቱ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከአጥሩ በር እስከ ሰርቪሱ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ አባቴ ሁለት ጊዜ ቆሞ አየር ሳበ። አከራይዋ ከእኔ የማትበልጥ ሴት ነበረች። እያንዳንዷን እርምጃውን ስታይ አየኋት።

«ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነኝ ልጄ» አለ አባቴ፤ ለመናገር ግን እንደገና አየር መሳብ ነበረበት።

በማግስቱ ቤቱ ለዘመድ ተሰጠ ተባልን። ከሳምንት በኋላ ያው ቤት፣ ያው ሰማያዊ በር፣ ቴሌግራም ላይ «ለጨዋ ተከራይ» ተብሎ ተለጥፎ አየሁት። ስልኬን ይዤ ደላላው ጋ ሄድኩ። አባቴ የልብ መድኃኒቱን ሊገዛ አብሮኝ ወጥቶ ነበርና ከኋላዬ ቆሟል። ደላላው አላየውም።

«ለምንድን ነው የዋሸችኝ?» አልኩት።

«ለቅሶ ፈርታ ነው» አለኝ። «ሰው አልጠላችም። ሽማግሌ ያለበት ተከራይ ከገባ አንድ ቀን ድንኳን ይተከላል። ሦስት ቀን ሰፈር ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፤ ውሃው ያልቃል፤ በሩ አይዘጋም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተከራይዋ ሐዘንተኛ ናት። ሐዘንተኛ ውጪ ይባላል? አይባልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አያስገቡም።»

ከኋላዬ አባቴ «እውነታቸውን ነው» አለ። ደላላው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። አባቴ ትከሻውን መታ አደረገውና «ቀኑን ባውቀው ኖሮ ቀደም ብዬ እነግራቸው ነበር» አለው።

ሁለቱ ሳቁ። እኔ ዞር ብዬ ፊት ለፊት ያለውን የፋርማሲ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ እንዲያ ያለ ቀልድ የሚቀልደው በጣም ሲከፋው ብቻ ነው፤ እናቴ የሞተች ዕለትም ቀልዶ ነበር።

ከተሰጠን ሁለት ወር ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀር ደላላው ሰሚት አካባቢ አንድ ቤት አገኘሁ ብሎ ደወለ። ስንደርስ «አንቺ እዚህ ጠብቂ» አለኝና ብቻውን ገባ። ከአጥሩ በላይ የኮባ ቅጠል ብቅ ብሎ ይታያል። ደላላው ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ጨርሻለሁ» አለኝ። «ብቻዋን ናት ብያቸዋለሁ። አባቷ አልፎ አልፎ ሊጠይቋት ይመጣሉ፣ ያድራሉ ብያለሁ። እንግዳ የሚከለክል ሰው የለም። ዋናው መግባት ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ማን ይቆጥራል?»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ዐሥራ ሁለት ቀን መቅረቱን አስታወስኩና ዘጋሁት።

የቤቱ ባለቤት መርካቶ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ የጉራጌ እናት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው በየትዳራቸው ወጥተዋል። እሳቸው በትልቁ ቤት ደጃፍ፣ ኮባው ሥር፣ ከእንጨት በተጠረበች ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ግቢውን ይገዛሉ። የሚከራየው ጎን ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ብቻሽን ነሽ አሉ?»

«አዎ» አልኩ።

ደላላውን ብዙ ጊዜ ሳማው ኖሬአለሁ፤ ያቺን «አዎ» ግን እሱ አላለልኝም። በገዛ አፌ ነው ያልኳት።

አባቴ ዕቅዱን ስነግረው አልተቆጣም። «እንግዳ መሆን ምን ያስቸግራል» ነው ያለኝ። ተስማማን፤ እኔ ዕቃውን ይዤ እገባለሁ፣ እሱ ሁለት ቀን አንድ የድሮ ባልደረባው ጋ አድሮ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። ከየት መጡ ሲባል ከደብረ ብርሃን እንዲል አስጠናሁት። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቢሰነብት አያስገርምማ። ሻንጣውን ይዞ ሲገባ ሴትዮዋ ከዱካቸው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

«እንኳን ደህና መጡ! ከየት ነው የመጡት?»

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲነዳ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳፋሪ አታልሎ አያውቅም ነበር፤ ውሸት አይሆንለትም። ትንሽ አሰበና «ከገርጂ» አለ።

«ቅርብ ነዎት እንግዲህ! እየመጡ ይጠይቋታል» አሉ በደስታ።

ከገርጂ ሰሚት የመጣ እንግዳ ምን ያህል ያድራል? አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት። አባቴ ደግሞ ወግ አጥባቂ ነው። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይላል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ጠዋት፣ እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ፣ ኮቱን ለብሶ «በሉ ደህና ይዋሉ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ደላላውም እኔም ያላሰብነው ነገር የመጣው። ሴትዮዋ እንግዳ ከበር ላይ የሚያሰናብቱ ሰው አልነበሩም። ከዱካቸው ይነሣሉ፤ ነጠላቸውን ያደርጋሉ፤ ቆጮ ወይም ዳቦ በፌስታል ይቋጥሩለታል፤ ታክሲው ድረስ አብረው ሄደው እስኪሳፈር ቆመው ይጠብቁታል። «እንግዳ ግማሽ መንገድ ካልተሸኘ እንደተባረረ ነው» ይሉ ነበር።

ስለዚህ አባቴ በየሁለት ቀኑ ከራሱ ቤት ይሸኝ ነበር። ታክሲ ይሳፈራል፣ መገናኛ ይወርዳል፣ ወደ ገርጂ ይሻገራል። የድሮ ሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሩን ያንኳኳል። «ናፍቃኝ ነው» ይላቸዋል ሴትዮዋን። «ልጅ እንዲህ የሚወድ አባት አላየሁም» ይሉኛል እሳቸው ማታ ከሥራ ስገባ። ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ።

እንግድነቱን ከእኔም ከደላላውም ይበልጥ የጠበቀው አባቴ ራሱ ነው። ሸሚዙ ግቢው ውስጥ እንዳይሰጣ ስለፈለገ አጥቤ ወንበር ላይ ነው የማደርቀው። ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ለመሞቅ ያስፈቅዳል። ሻንጣውን አልፈታም፤ መድኃኒቱንም ከሻንጣው እያወጣ ይውጣና መልሶ ያስገባዋል። አንድ ቅዳሜ ታገሥኩ ታገሥኩና ፈነዳሁ።

«አባዬ፣ ይቅር በቃ! ዛሬ አትውጣ። ብትሰነብት ማን ምን ይልሃል?»

«እንግዳ ነህ አላችሁኝ» አለ ረጋ ብሎ። «እንግዳ ከሆንኩ እንደ እንግዳ ነው የምኖረው። እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ እንደ ባለቤት የሚዘረጋ ሰው ነውረኛ ነው።»

 ምን ልለው እችላለሁ? ከቤቱ አስወጥቼ፣ በሰው ፊት አባትነቱን የሁለት ቀን እንግድነት አድርጌበት፣ ትንሽ እንኳ እንዲያማርር ነበር የምጠብቀው። ቢያማርርልኝ ቀለል ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ሁለተኛ ቀኑ ሞላ። አባቴ ኮቱን ለበሰ። ሴትዮዋ «ዝናቡ ይለፍ እንጂ» ቢሉት «ሰው ይጠብቀኛል» አላቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው ሸኙት፤ የቆጮውንም ፌስታል አስያዙት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ቢሮ ነበርኩ። ከረፋዱ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ የሴት ድምፅ ነው።

«አባትሽ እዚህ መገናኛ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ አቃታቸውና እኔ ጋ አስቀምጫቸዋለሁ። ነይ ቶሎ።»

ከቦሌ መገናኛ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው የራይድ ሹፌሩን መንገዱ ተዘጋ ስላለኝ ብቻ እንደተቆጣሁት ነው፤ ይቅርታ ያድርግልኝ። አባቴን ያገኘሁት በላስቲክ ሥር ካልሲና ጃንጥላ የምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ነው። ሻጯ ራሷ ቆማለች። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ኮፍያው ውሃ ያንጠባጥባል፤ የቆጮውን ፌስታል ጉልበቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል።

«ኮንትራት ታክሲ ልይዝላቸው ነበር እኮ» አለችኝ ሻጯ። «ቤትዎ የት ነው ብዬ ደጋግሜ ብጠይቃቸው ዝም ይላሉ። በኋላ ‹እንግዳ ነኝ› አሉኝ። ከክፍለ ሀገር የመጡ መሰለኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ነው ለአንቺ የደወልኩት።»

ይህን የሚያህል ከተማ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። መገናኛ ዛሬ ባለችበት መልክ ከመሠራቷ በፊት ጀምሮ እዚያ ሰው አውርዷል፤ ሰው ጭኗል። ቤትዎ የት ነው ሲሉት የሚለው ያጣው መንገዱ ጠፍቶት አይደለም። ገርጂ እንዳይል ቤት የለውም፤ ሰሚት እንዳይል ደግሞ እንግዳ ነው። «እንግዳ» የሚለውን ቃል ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እጁን ያዝኩ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

«ተነሺ፣ ቀሚስሽ ቆሸሸ» አለኝ። «ደህና ነኝ። ትንሽ ሰልፉ በዛ።»

ሆስፒታል ወሰድኩት፤ መርፌ ተሰጠው፤ እንዲያርፍ ታዘዘና ከሰዓት በኋላ ቤት ገባን። አልጋው ላይ አሳርፌው ብርድ ልብሱን አለበስኩትና በቀጥታ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እማማ፣ አባቴ እንግዳ አይደለም» አልኳቸው። ቆሜ ነው የምናገረው። «ገርጂ ቤት የለውም። ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ። ዋሽቼዎታለሁ።»

ቢላዋው ቆመ። «ታዲያ የምሸኛቸው ወዴት ነበር?»

«የትም።»

«እንዴት የትም?»

«ዞሮ ይመለሳል። ዛሬ መገናኛ ላይ ልቡ ደከመና ሆስፒታል ነበርን።»

 «ማን ከለከለሽ?» አሉ።

«ሰው ሽማግሌ ያለበት ተከራይ አይፈልግም። ቢሞት ለቅሶው…»

አላስጨረሱኝም። «እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔስ የት የምሞት መሰለሽ?»

የሽንኩርቱን ሳህን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«የታመመ ሰው ዝናብ ላይ እንዳስወጣ አደረግሽኝ» አሉ። «በገዛ እጄ። ስንቅ አሲዤ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።» ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሽንኩርቱ በረንዳው ላይ ቀረ።

ተቆጥቶኝ የማያውቅ ሰው እንዲያ ሲያዝንብኝ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እንደ ልማዴ ልቆጣ ፈለግሁና ደላላውን ደወልኩለት።

«ሴትዮዋ ሽማግሌ አልፈልግም ብለውህ ነበር?»

 «አላሉኝም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«ሳይሉ በፊት ነዋ የምናገረው፤ የኔ እህት። ካሉ በኋላ ምን ዋጋ አለው?»

ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጩኸቱ አልመጣልኝም። እሱ ስንት በር ሲዘጋበት አይቶ ነው የዚህን በር መልስ ሳይጠይቅ የወሰነው። እኔም ያቺን የቦሌ ሴት ፊት ይዤ መጥቼ እሳቸው ላይ ለጠፍኩባቸው። ኮባው ሥር የተቀመጡትን ሴት ግን ሁለታችንም አልጠየቅናቸውም። «አባቴም አለ» ብል ኖሮ የሚሉትን እሰማ ነበር። እምቢ ቢሉም እምቢታው የእሳቸው ይሆን ነበር። ደላላው ስልኩን ሳይዘጋ ቆየና «አባባ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ምናልባት ውጡ ከተባልን ሌላ ቤት እንዲፈልግልኝ ለመንኩት። «አሁንስ ስንት ናችሁ ልበል?» አለኝ። «ሁለት» አልኩት። «ያስቸግራል» አለ። «ያስቸግር» አልኩት።

ሁለት ቀን ሴትዮዋ ሰላምታዬን አንገታቸውን ሰበር በማድረግ ብቻ ነበር የሚመልሱልኝ። ለአባቴ ግን በየቀኑ አጥሚት ይልኩለት ነበር፤ ጽዋውን በራችን ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ይመለሳሉ። አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ሊያስወጡን ነው ወይስ ሊያሳድጉን?» ይለኛል። እኔ በልቤ ዕቃ መሸከፍ ጀምሬአለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሴትዮዋ ናቸው። ከጎናቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ መዝገብ በብብታቸው የያዙ መነጽራም አዛውንት ቆመዋል።

«የእድራችን ጸሐፊ ናቸው» አሉ ሴትዮዋ፤ እኔን ሳይሆን በሩን እያዩ። «አዲስ ገቢ አለ ብያቸው ነው።»

ጸሐፊው ወንበር ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ከላስቲኩ አወጡ። እስክሪብቷቸውን ሞከሩ። ከዚያ በመነጽራቸው አናት ላይ አዩኝ።

«ስንት ናችሁ?»

 ልማድ ክፉ ነው፤ ምላሴ «አንድ» ለማለት ተነሥቶ ነበር። ሴትዮዋን አየኋቸው። ያን ጊዜ እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝ።

«ሁለት!» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ።

«እሰማለሁ እኮ ልጄ» አሉ ጸሐፊው እየጻፉ። «አባወራው?»

አባቴ ከውስጥ ወጣ። ኮቱን ሊለብስ ፈልጎ አንድ እጁን ብቻ በእጅጌው አስገብቷል። ስሙን ከነአያቱ ተናገረ፤ ጸሐፊው ፊደል እየጠየቁ ጻፉ። ቀጥለው «ለሐዘን ጊዜ የድንኳን ቦታ አለ?» አሉ። ጥያቄው ለሁሉም የሚጠየቅ ነው። እኔ ግን ወለሉን አየሁ። የመለሱት ሴትዮዋ ናቸው።

«እዚሁ ግቢ ነው። ከኮባው እስከ አጥሩ በር ትልቁ ድንኳን ይገባል፤ ለባሌ ጊዜ ተክለነው አይተነዋል።»

«እኔ እንኳ አልቸኮልኩም» አለ አባቴ።

«እኔም አልቸኮልኩም» አሉ። «ቦታው ግን ለሁለታችንም ይበቃል።»

ሦስቱ ሽማግሎች ሳቁ። አባቴ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በባዶው የኮት እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። ደስታ ነው የተሰማኝ፤ ሰው በአባቱ የለቅሶ ቦታ ደስ ሊለው እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ሻንጣውን ፈታ። ሸሚዙን አጥቤ ግቢው መሐል ገመድ ላይ ሰጣሁት።

በሳምንቱ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወደ አጥሩ በር ቀስ ብሎ ሄደ። ሴትዮዋ ዱካቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ዳቦ ልግዛ ብዬ።»

«ለእኔም ሁለት ያምጡልኝ» አሉና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። አባቴ በሩን ከፍቶ ወጣ። ከዱካቸው አልተነሡም።